አሮጌው የእጅ ኮምፒውተር ዋይፋይ አልይዝ ሲል

በሐዋሳ ከተማ ለጥገና ባለሙያዎች፣ ለመጋዘን ሠራተኞችና ለመረጃ ሰብሳቢዎች በተዘጋጀ የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የመድረኩ አዘጋጆች፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ! በአሮጌ ገበያና በፒያሳ ያሉትን የጥገና ሱቆቻችሁን ዘግታችሁ፣ ከመጋዘን ሥራችሁ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ሌሊት ከወረዳ ተነሥታችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ ስለ መጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጠባብ ጉዳይ ነው። ከ15 እና ከ20 ዓመታት በፊት የተሠሩ የእጅ ኮምፒውተሮች፣ ማለትም እነ ኤችፒ አይፓክ፣ እነ ዴል አክሲም፣ እነ ፓልም ቲኤክስ፣ እንዲሁም በመጋዘን ውስጥ ባርኮድ ለማንበብ የሚያገለግሉት በዊንዶውስ ሲኢ እና በዊንዶውስ ሞባይል የሚሠሩት ጠንካራ መሣሪያዎች፣ ዋይፋይ አልይዝ ሲሉ ምን እናድርግ? «ይህን ዕቃ ዛሬ ማን ይጠቀምበታል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እናንተ ትጠቀሙበታላችሁ! ዕቃ ገቢና ወጪ ትመዘግቡበታላችሁ፤ የቤት ለቤት መጠይቅ ትሞሉበታላችሁ። አዲስ ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ በሚጠበቅበት አገር፣ የሚሠራን መሣሪያ «ዋይፋዩ ሞቷል» ብሎ መደርደሪያ ላይ መወርወር በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር ከወዲሁ ልናገር። ወደ እኔ ከሚመጡት ከእነዚህ መሣሪያዎች አብዛኞቹ አልተበላሹም። መሣሪያው እዚያው የተሠራበት ዘመን ላይ ቆሟል፤ ኔትወርኩ ግን ተራምዶ ሄዷል። የእኛ ሥራ ሁለቱ የት ላይ እንደተላለፉ ማግኘት ነው። ይህንንም በአምስት ጥያቄዎች አስኬደዋለሁ። መሣሪያው ኔትወርኩን ያየዋል ወይ? ቁልፉን ተቀብሎ ይገባል ወይ? አድራሻ ያገኛል ወይ? ከዚያ አልፎ ይወጣል ወይ? የሚፈልገውንስ ገጽ ይከፍታል ወይ? እባካችሁ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ያላየውን ኔትወርክ ፓስወርድ ስንቀያይርበት የምናጠፋው ጊዜ ያሳዝነኛል።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት ግን ባትሪውንና ገመዱን እንይ። የዋይፋይ ሬዲዮ ኃይል ይፈልጋል። ያረጀ ባትሪ ስክሪኑን አብርቶ፣ ካልኩሌተሩን አሠርቶ፣ ሬዲዮው ሲነሣ ግን ቮልቴጁ ይወርድበታል፤ መሣሪያውም ራሱን ለማዳን ሬዲዮውን ያጠፋዋል። ተጠቃሚው ይህን አያይም፤ የሚያየው «ዋይፋይ ጠፍቷል» የሚለውን ብቻ ነው። ሙሉ ቻርጅ ሳታደርጉ፣ ከተቻለም በሌላ ባትሪ ሳትሞክሩ ፍርድ አትስጡ።

የገመዱን ነገር በታሪክ ልንገራችሁ። አንድ ጎበዝ ወጣት ጠጋኝ ዊንዶውስ ሞባይል 5 የተጫነበት መሣሪያ ይዞልኝ መጣ። ሁለት ጊዜ ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ መልሶታል፣ ሬዲዮውን ከቦርዱ ላይ ለመንቀል ተዘጋጅቷል። «እስቲ እንዴት እንደሞከርክ አሳየኝ» አልኩት። ከቦርሳው ላፕቶፕ አወጣ፣ ባትሪው እንዳያልቅ ብሎ መሣሪያውን በዩኤስቢ ሰካው፣ ከዚያ ዋይፋዩን ሊያበራ ሞከረ። አልበራም። ገመዱን ነቀልኩት። ከስክሪኑ በላይ ያለችው ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረች። ምን ሆኖ ነው? በዚያ ዘመን መሣሪያው አክቲቭሲንክ በሚባለው ፕሮግራም ከኮምፒውተር ጋር በገመድ ሲገናኝ ገመድ አልባው ግንኙነት እንዲጠፋ ተደርጎ ነው የተሠራው። በኋለኞቹ የአክቲቭሲንክ ዕትሞች ላይ ሁለቱ አብረው እንዲሠሩ የሚፈቅድ ምርጫ አለ፤ ካልተመረጠ ግን ገመዱ እንደተሰካ ዋይፋይ የለም። ያ ልጅ ስንፍና አልነበረበትም፤ ይህን የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው። ስለዚህ ቻርጅ የምታደርጉት በግድግዳ ሶኬት ይሁን።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልምጣ፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። መሣሪያው ኔትወርኩን ያየዋል ወይ?

የዋይፋይ ደንቦች ትውልድ አላቸው። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። 802.11ቢ የተባለው በ1999 ወጣ፤ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ላይ ይሠራል፣ ከፍተኛ ፍጥነቱም በሰከንድ 11 ሜጋቢት ነው። 802.11ጂ በ2003 መጥቶ በዚያው ሞገድ ላይ ወደ 54 ሜጋቢት አደረሰው። 802.11ኤን በ2009፣ በ5 ጊጋኸርትዝ ላይ ብቻ የሚሠራው 802.11ኤሲ ደግሞ በ2013 ጸደቁ። እንግዲህ በ2005 የወጣው ዴል አክሲም ኤክስ51ቪ ወይም በዚያው ዓመት የወጣው ፓልም ቲኤክስ የሚያውቀው የመጀመሪያውን፣ 802.11ቢን ብቻ ነው። ራውተራችሁ 2.4ቱን አጥፍቶ በ5 ጊጋኸርትዝ ብቻ ቢሠራ፣ ለእነዚህ መሣሪያዎች በቤቱ ውስጥ ራውተር የለም። ራውተሩ 2.4 ላይ ሆኖ «ኤን ብቻ» በሚለው ላይ ቢቀመጥም መግባት አይችሉም። አንዳንድ የኔትወርክ ባለሙያዎች ፍጥነት ለመጨመር ሲሉ 1፣ 2፣ 5.5 እና 11 ሜጋቢት የሚባሉትን ዝቅተኛ ፍጥነቶች ይዘጋሉ፤ እነዚህ አራቱ ግን 802.11ቢ የሚናገርባቸው ፍጥነቶች በሙሉ ናቸው። ራውተሩ ላይ «ቢ/ጂ/ኤን ቅልቅል» የሚለውን ፈልጉና ምረጡ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያደናግረው ግን ቻናል፣ ማለትም ሞገዱ የተከፋፈለባቸው በቁጥር የሚጠሩ መስመሮች፣ ነው። እዚሁ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ መጋዘን የሆነውን ልንገራችሁ። ባርኮድ የሚያነቡት የእጅ መሣሪያዎች ሳምንት ሙሉ በደንብ ይሠሩና በድንገት ሁሉም በአንድ ጊዜ ኔትወርኩ ይጠፋባቸዋል። የሠራተኞቹ ስልኮች ግን በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ችግር ይሠራሉ። ሁሉም ሰው «መሣሪያዎቹ አርጅተዋል» ብሎ ወስኗል። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት፣ ወደ ጎን ጠሩኝና የእጅ ደብተራቸውን ገለጡልኝ። በአንድ በኩል መብራት ሄዶ የመጣባቸውን ቀኖች፣ በሌላ በኩል መሣሪያዎቹ የጠፉባቸውን ቀኖች በእርሳስ አስምረው ጽፈዋል። «ልጄ፣ መብራት በሄደ ማግስት ነው የሚጠፋባቸው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ይኸው እየው» አሉኝ። ደብተሩ መልሱን ይዞ ነበር። ራውተሩ ቻናሉን ራሱ እንዲመርጥ ተደርጎ ተቀምጧል፤ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር እንደገና ይመርጣል፤ አንዳንድ ቀን 12 ወይም 13 ላይ ያርፋል። በአብዛኛው ዓለም 2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ከ1 እስከ 13 ያሉ ቻናሎች ይፈቀዳሉ፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ መሣሪያዎች ግን የሚያዳምጡት ከ1 እስከ 11 ብቻ ነው። እነዚያ መሣሪያዎች ከአሜሪካ የመጡ ነበሩ። ቻናሉን 6 ላይ አሰርነው፤ ራውተሩ ራሱ እንዲመርጥ የሚያደርገውን አጠፋነው፤ ነገሩ በዚሁ አበቃ። እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ስለሆኑ ከእነዚህ አንዱን ምረጡ። የተጠቃሚን ማስታወሻ ደግሞ አትናቁ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ በሽታውን ቀን በቀን ጽፎ የሚያመጣ ሰው ግን ግማሹን ሥራ ሠርቶልናልና ልናከብረው ይገባል።

ስለ ማየት ሌላም ልጨምር። የኔትወርኩን ስም በአማርኛ መጻፍ የምትወዱ አላችሁ፤ እኔም ቋንቋዬን እወዳለሁ። ሆኖም የዋይፋይ ስም ከ32 ባይት አይበልጥም፤ በዛሬው የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚበቃው 10 ፊደል ነው። አሮጌው መሣሪያ ደግሞ ፊደላችን ስለሌለው ስሙን በባዶ አራት ማዕዘኖች ወይም በተዘባረቁ ምልክቶች ያሳያል፤ ሰውም «የእኛ ኔትወርክ የለም» ይላል። ለእነዚህ መሣሪያዎች ስሙን በአጭር የላቲን ፊደል አድርጉት፤ ስሙንም አትደብቁት። በተጨማሪም የመጀመሪያውን ሙከራ ከራውተሩ በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ቆማችሁ አድርጉ። የብረት መደርደሪያና የቆርቆሮ ግድግዳ በበዛበት መጋዘን ውስጥ፣ ከጥግ ቆሞ መፈተሽ ሁለት ችግሮችን ማደባለቅ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ ቁልፉን ተቀብሎ ይገባል ወይ? ስሙ በዝርዝሩ ላይ ይታያል፣ ስትነኩት ግን «በመገናኘት ላይ» ብሎ ይቀራል። እዚህ ላይ ማወቅ ያለብን የቁልፍ ዓይነቶችን ነው። የመጀመሪያው፣ ዋይፋይን ለመቆለፍ የወጣው አሮጌው የምስጠራ ደንብ፣ ዌፕ ነው። ቁልፉ እንደ ልብ የሚጻፍ ቃል አይደለም፤ በቁጥርና ከኤ እስከ ኤፍ ባሉ የላቲን ፊደላት ሲጻፍ ርዝመቱ በትክክል 10 ወይም በትክክል 26 መሆን አለበት። አንድ ሲጎድል ወይም ሲበዛ አይሠራም። ቀጥሎ በ2003 ደብልዩፒኤ፣ በ2004 ደብልዩፒኤ2፣ በ2018 ደብልዩፒኤ3 መጡ። ብዙዎቹ የ2003 እና የ2004 የእጅ ኮምፒውተሮች ዌፕንና የመጀመሪያውን ደብልዩፒኤ ብቻ ነው የሚያውቁት። አዲሱ ራውተራችሁ ደብልዩፒኤ3 ብቻ ቢልላቸው አይገቡም፤ የቁጥጥር መልእክቶችን መጠበቅ ግዴታ የሚያደርገው ምርጫ ከበራም አይገቡም። በዊንዶውስ ሞባይል ላይ ደግሞ «ቁልፉ በራሱ ይቀርባል» የሚል ትርጉም ያለው አንድ የምልክት ሳጥን አለ። እርሱ ምልክት ከተደረገበት ቁልፍ የምትጽፉበት ቦታ ደብዝዞ ይቆያል። ምልክቱን አንሡት፣ ቦታው ይከፈታል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነው፤ ስንት መሣሪያ ግን በዚህ ምክንያት «ፓስወርድ አይቀበልም» ተብሎ ተጥሏል!

ሦስተኛውን ጥያቄ ቶሎ አልፈዋለሁ። መሣሪያው ተገናኝቷል ይላል፤ አድራሻውን፣ ማለትም በኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ ስታዩ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ከራውተሩ ምንም አላገኘም፤ ራሱ ለራሱ የሰጠው አድራሻ ነው። ከቀድሞው መሥሪያ ቤት የተጻፈ ቋሚ አይፒ አድራሻ ካለበት ደግሞ በአዲሱ ቤት አይሠራም፤ «ከሰርቨር የተሰጠ» ወደሚለው መልሱት። ሁለቱም ካልሆነ ራውተሩ የሚያድላቸው አድራሻዎች በእንግዶች ስልክ አልቀው እንደሆነ፣ ወይም የተመዘገቡ መሣሪያዎችን ብቻ የሚያስገባ ማጣሪያ በርቶ እንደሆነ ተመልከቱ።

አራተኛው ጥያቄ፤ ከዚያ አልፎ ይወጣል ወይ? እዚህ ላይ የምወደው አንድ መፈተሻ አለ። በመሣሪያው ብሮውዘር ላይ የራውተሩን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 የሆነውን፣ በቁጥር ጻፉት። የራውተሩ መግቢያ ገጽ ከተከፈተ ዋይፋዩ እየሠራ ነው! ከዚህ በኋላ ማንም «ዋይፋዩ ሞቷል» ቢላችሁ አትቀበሉት። ገጹ ተከፍቶ ወደ ውጭ ካልወጣ፣ ዊንዶውስ ሞባይል ላይ የኔትወርክ ካርዱ የሚገናኘው ከ«ኢንተርኔት» ጋር ነው ወይስ ከ«ሥራ» ጋር ነው የሚለውን ምርጫ ተመልከቱ። «ሥራ» ላይ ከሆነ መሣሪያው በድርጅት ውስጥ ያለ መስሎት በሌለ መተላለፊያ በኩል ለመውጣት ይሞክራል። ወደ «ኢንተርኔት» ለውጡት።

አምስተኛው ጥያቄ የሚፈልገውን ገጽ ይከፍታል ወይ የሚል ነው፤ በእኛ አገር ይህ ጥያቄ ሌላ ቦታ የሌለው መልክ አለው። አንዲት ወጣት መረጃ ሰብሳቢ የሞላችው መጠይቅ አልላክ ብሏት መሣሪያዋን አመጣችልኝ። ኔትወርኩን አየ፣ ገባ፣ አድራሻ አገኘ፣ የራውተሩን ገጽ ከፈተ፤ ወደ መሥሪያ ቤቷ ሰርቨር፣ መረጃው ወደሚከማችበት ዋና ኮምፒውተር፣ ሲሄድ ግን «መገናኘት አልተቻለም» ይላል። ቀኑን አየሁት፤ ጃንዋሪ 5 ቀን 2016 ይላል። «ጋሼ፣ ቀኑን እኔ ራሴ አስተካክዬዋለሁ፤ ባትሪው አልቆ ሲነሣ ጠፍቶበት ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አስተካክላዋለች። ዕለቱ መስከረም 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። መስከረም የመጀመሪያው ወር ስለሆነ 1 ብላ ጻፈች፤ መሣሪያው ደግሞ ጃንዋሪ ብሎ አነበበ፤ ዓመቱንም እንደ አውሮፓ ቆጠረው። የሰርቨሩ ሰርተፍኬት፣ ማለትም ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያሳይበት ዲጂታል ማረጋገጫ፣ የሚጸናው ከ2022 ጀምሮ ነበር። ለመሣሪያው ያ ሰርተፍኬት ገና ያልተወለደ ሆኖ ታየው፤ አላምንም አለ፤ መላኩንም ተወ።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ ደግሜም እለምናችኋለሁ፤ ቀኑን ተመልከቱ! ቀኑን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሙሉት። ሰዓቱንም እንዲሁ፤ ጠዋት 3 ሰዓት የምንለው በመሣሪያው ላይ 9 ሰዓት ነው። የጊዜ ክልሉ ዝርዝር ላይ አዲስ አበባን ብታጡ ናይሮቢን ምረጡ፤ ሁለቱም ከግሪንዊች 3 ሰዓት ይቀድማሉ። ከዊንዶውስ ሞባይል 5 በፊት የነበሩት መሣሪያዎች ባትሪያቸው ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ቀኑን ብቻ ሳይሆን የተጫነውን ፕሮግራምና የተሞላውን መረጃ ጭምር ያጣሉ፤ ለእነዚህ ባትሪ ማስጨረስ የሥራ ቀን ማቃጠል ነው።

ቀኑ ትክክል ሆኖም የማይከፈቱ ገጾች አሉ፤ ይህን በሐቀኝነት ለደንበኛ መንገር ይገባል። የዛሬ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት ምስጠራ ቲኤልኤስ 1.2 ወይም 1.3 ነው፤ የመጀመሪያው በ2008፣ ሁለተኛው በ2018 የወጡ ናቸው። የ2005 መሣሪያ የሚያውቀው ከዚያ የቀደመውን ነው፤ በ2020 ደግሞ ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች አሮጌዎቹን 1.0 እና 1.1 ትተዋቸዋል። በሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ለድረ ገጾች ሰርተፍኬት በነጻ የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት ይታመንበት የነበረው አንድ አሮጌ ዋና ሰርተፍኬት ጊዜው አልፎ፣ ብዙ ያልታደሱ መሣሪያዎች ትናንት የከፈቱትን ገጽ ዛሬ መክፈት አቅቷቸዋል። ይህ የዋይፋይ ብልሽት አይደለም፣ በራውተርም አይጠገንም። መሣሪያው የሚነጋገረው ከራሳችሁ የመጋዘን ሰርቨር ጋር ብቻ ከሆነ ግን ብዙ ዓመት ሊያገለግላችሁ ይችላል።

ሰርቨር ካነሣሁ አይቀር፣ የምሰጋበትን ነገር ልናገርና ልጨርስ። አንድ አሮጌ መሣሪያ ለማስገባት ብለው የመላውን ቢሮ ዋይፋይ ወደ ዌፕ የሚያወርዱ ሰዎች አይቻለሁ። ይህ ለአንድ እንግዳ ብሎ የግቢውን አጥር ማፍረስ ነው! የዌፕ ድክመት በ2001 በይፋ ታውቋል፤ በ2007 ደግሞ የጀርመኑ ዳርምሽታት ተመራማሪዎች ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ እንደሚሰበር አሳይተዋል። ቲኪፕ የሚባለው የመጀመሪያው የደብልዩፒኤ ምስጠራም ደካማ ነው፤ በላዩም ላይ የአዳዲሶቹን ስልኮች ፍጥነት ከ54 ሜጋቢት በላይ እንዳይሄድ ያስረዋል። ታዲያ ምን ይሻላል? በየቢሮው ቁም ሣጥን ውስጥ አሮጌ ራውተር አይጠፋም። እርሱን አውጡ፤ በ6ኛው ወይም በ11ኛው ቻናል ላይ አስሩት፤ የእጅ መሣሪያዎቹ ብቻ የሚገቡበት ሌላ ስም ስጡት፤ ከሂሳብ ክፍልና ከሠራተኛ መረጃ ለዩት፤ ወደ አንዱ የመጋዘን ሰርቨር ብቻ እንዲደርስ አድርጉ፤ ኢንተርኔትም አትስጡት። መሣሪያው ደብልዩፒኤ2 የሚችል ከሆነ በምንም ምክንያት ከዚያ አትውረዱ። የሰው ስም፣ የጤና መረጃና የቤተሰብ ገቢ የሚሰበስብ መሣሪያ ግን ከዌፕ በላይ ማወቅ ካልቻለ፣ ዋይፋዩን አጥፉና በሥራ ማብቂያ መረጃውን በገመድ ወይም በሚሞሪ ካርድ አውርዱ። መጠይቁን የመለሱልን እናቶችና አባቶች ምስጢራቸውን አምነው ሰጥተውናል።

መሣሪያ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ በኋላ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ራውተሮች አሉ፤ አንዱ 6ኛው ቻናል ላይ፣ ሌላው ሆን ተብሎ 13ኛው ላይ ተቀምጧል። ሻይ እየጠጣን የእናንተ መሣሪያ የትኛውን እንደሚያይ እንሞክር። ገመዱን ግን ከኮምፒውተሩ ንቀሉ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።